አሮጌው ሚኒባስ በዋግ ዳገትና ቁልቁለት፦ ብልሽቱ ከየት ይመጣል? ወጪውንስ ማን ይሸከመዋል?

ያገለገሉ በናፍጣ የሚሠሩ ሚኒባሶች ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ውይይቱ በአብዛኛው በአዲስ አበባ የታክሲ ወረፋና የጭስ ብክለት ዙሪያ ሲሽከረከር ይታያል። ይሁንና እነዚህ ተሽከርካሪዎች የአገልግሎት ዘመናቸውን የሚጨርሱት በዋና ከተማዋ አስፋልት ላይ አይደለም። በአዲስ አበባ ለዓመታት የሠራ ሚኒባስ ወደ ክልል ከተማ ይሸጣል፤ ከክልል ከተማ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ ይወርዳል። በዚህ መሰላል ታችኛው ደረጃ ላይ ከሚገኙት አካባቢዎች አንዱ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በተለይም ሰሃላ ሰየምትን የመሳሰሉ የተከዜ ተፋሰስ ቆላማ ወረዳዎች ናቸው። የከተማው ጡረተኛ በገጠር አዲስ ቅጥር ያገኛል ማለት ነው፤ የሚጠብቀው ሥራ ግን በወጣትነቱ ከሠራው ይልቅ የከበደ ነው።

ይህ ትንታኔ የሚመለከተው ያንን የከበደ ሥራ ነው። በእነዚህ ተሽከርካሪዎች ላይ ዘወትር የሚደርሱት ብልሽቶች የትኞቹ ናቸው? ለምን በዚህ አካባቢ ይበረታሉ? የጥገናው ወጪስ በባለንብረቱ፣ በሾፌሩና በተሳፋሪው መካከል እንዴት ይከፋፈላል? የሚሉትን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ለመመልከት ይሞክራል።

ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ጥንታዊት ከተማ ናት። ከእርሷ ተነሥቶ ዝቋላን በማቋረጥ በስተምዕራብ ወደ ሰሃላ የሚጓዝ ሰው ወደ ተከዜ ሸለቆ ይወርዳል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውና 188 ሜትር ቁመት ያለው የተከዜ ግድብ የፈጠረው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሲሞላ የውሃው ወለል 1,140 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ስለዚህ በአንድ የጉዞ ቀን ውስጥ ከደጋው ብርድ ተነሥቶ፣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ በቆላው ሙቀት ውስጥ ተጉዞ፣ ያንኑ ዳገት መልሶ መውጣት የተለመደ ነው። በስተምሥራቅ በኩል በኮረም አድርጎ ወደ አላማጣ የሚወርደው ግራት ካሕሱም ከዚህ የሚተናነስ አይደለም፤ በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ የሚያስወርድ ጠመዝማዛ መንገድ ነው። የተሽከርካሪ አምራቾች ለመደበኛ አገልግሎት ያስቀመጡት የጥገና ሠንጠረዥ ለእንዲህ ዓይነቱ መንገድ አይሠራም። አምራቾቹ ራሳቸው በመመሪያ መጻሕፍታቸው አቧራማ፣ ተራራማና ጭነት የሚበዛበትን ጉዞ ከመደበኛው ለይተው «ከባድ አጠቃቀም» ይሉታል፤ ዘይትና ፊልትሮም ከተለመደው ቀድሞ እንዲለወጥ ያዛሉ። በዋግ ከባዱ አጠቃቀም መደበኛው አጠቃቀም ነው።

በአገራችን መንገዶች ላይ ጎልተው የሚታዩት ሚኒባሶች በአብዛኛው የቶዮታ ሃይኤስ ምርቶች ናቸው። ሕዝቡ «ዶልፊን» ብሎ የሚጠራው ቀደም ያለው ሞዴል፣ «አባዱላ» የሚለው ደግሞ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የተሠራው ሰፋ ያለ ሞዴል ነው። ከስማቸው በላይ ግን ለገዢ ሊታወቅ የሚገባው በውስጣቸው ያለው ሞተር ነው። ባለ 2.4 ሊትሩ «ቱ ኤል»፣ ባለ 2.8ቱ «ስሪ ኤል» እና ባለ 3.0ው «ፋይቭ ኤል» የቆየው ትውልድ ሞተሮች ናቸው። የናፍጣ ፖምፓቸው በሜካኒካል መንገድ የሚሠራ፣ ኤሌክትሮኒክስ የማይበዛበትና በመንደር መካኒክ እጅ ሊፈታ የሚችል ነው። «ዲፎርዲ» በሚል ስያሜ የሚታወቁት ባለ 2.5 እና ባለ 3.0 ሊትር ሞተሮች ግን ናፍጣውን ከ1,300 ባር በላይ በሆነ ግፊት በኮምፒዩተር ትእዛዝ የሚረጩ ናቸው። ጉልበታቸው ከፍ ያለ፣ የነዳጅ ፍጆታቸው የተሻለ ነው። ነገር ግን የቀድሞው ትውልድ የሚታገሠውን ቆሻሻ ናፍጣ እነርሱ አይታገሡም። በአዲስ አበባ የተሻለ ምርጫ የሆነው ሞተር በሰሃላ የተሻለ ላይሆን ይችላል፤ ገዢዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊነገርለት የሚገባው ብልሽት የሞተር መጋል ነው። ውሃ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ በሰቆጣ ከፍታ ግን የአየሩ ግፊት አነስተኛ በመሆኑ በ92 እና በ93 ዲግሪ መካከል መፍላት ይጀምራል። የናፍጣ ሞተር በጤናው ጊዜ የሚሠራበት ሙቀት ደግሞ ከ80ዎቹ አጋማሽ እስከ 90ዎቹ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከጣት ቁጥር የማይበልጥ ሆኖ ሳለ ሞተሩ የማይፈላው የራዲያተሩ ክዳን ውሃውን በግፊት አፍኖ ስለሚይዘው ነው። ክዳኑ ደኅና ከሆነ በሰቆጣም ቢሆን የመፍያው ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ይወጣል። የክዳኑ ላስቲክ ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ግን ያ መከላከያ በሙሉ ይጠፋል፤ በሜዳ ላይ ምንም ያልታየበት ተሽከርካሪ ዳገት ላይ እንፋሎት መትፋት ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሾፌሮች የሚያደርጉት ቆም ብሎ ከወንዝ የተቀዳ ውሃ መጨመር ነው። የወንዝ ውሃ የያዘው ማዕድን በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ይጋገራል፤ የዝገት መከላከያ ፈሳሽ የሌለበት ውሃ ደግሞ ብረቱን ይበላል። ስለሆነም የዛሬው መፍትሔ የሚቀጥለው ዓመት ብልሽት መነሻ ይሆናል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በድንገት ማፍሰስማ ቴስታታውን በራስ እጅ እንደ መሰንጠቅ ነው።

ቴስታታ ከተጣመመ ወይም በቫልቮላዎቹ መካከል ከተሰነጠቀ ጥገናው የጓርኒሲዮን ለውጥ ብቻ መሆኑ ያበቃል። ጓርኒሲዮኑ ተለውጦ፣ ቴስታታው በማሽን ተልጎ፣ ስንጥቁ ተፈትሾ ካልሆነ በስተቀር ተሽከርካሪው በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ በዚያው ሕመም ይመለሳል። ቴስታታ የሚልግና ስንጥቅ በግፊት የሚፈትሽ የማሽን ሥራ ቤት ደግሞ በየወረዳው አይገኝም፤ ቴስታታው ተፈትቶ፣ በጆንያ ተጠቅልሎ፣ በሌላ ተሽከርካሪ ተጭኖ ወደ ትልልቅ ከተሞች ይላካል። የክዳኑን ዋጋ ከዚህ ሁሉ ወጪ ጋር ማነጻጸር ለሚፈልግ ሰው ሒሳቡ ግልጽ ነው፦ ክዳኑ የአንድ ጉዞ ከፊል ገቢ፣ ቴስታታው የወራት ገቢ ነው።

ሁለተኛው ትልቅ የብልሽት ምንጭ ናፍጣው ራሱ ነው። ማደያ በሌለበት ወረዳ ነዳጅ በበርሜልና በጀሪካን ይጓዛል። በርሜል በቀን ሙቀት ሲሰፋ፣ በሌሊት ብርድ ሲኮማተር እርጥበት ያዘለ አየር ይስባል፤ ውሃውም ከታች ይረጋል። አቧራና ዝገት ይጨመሩበታል። ይህ ድብልቅ በሜካኒካል ፖምፓ ውስጥ ሲገባ ጉዳቱ አዝጋሚ ነው፤ ጉልበት ይቀንሳል፣ ጭስ ይበዛል፣ የጠዋት መነሣት ይከብዳል። በዲፎርዲ ሞተር ግን ሁኔታው የተለየ ነው። የፖምፓውና የኢንጀክተሮቹ ክፍሎች የሚተሻሹት ከሚሊ ሜትር ሺህኛ እጅ በሚለካ ክፍተት ስለሆነ ጥቂት ውሃ የቅባትነቱን ኃይል አጥፍቶ ብረት በብረት ላይ እንዲሄድ ያደርጋል። የተላጠው ብናኝ በቱቦው አልፎ አራቱንም ኢንጀክተሮች ይበክላል። በዚህ ጊዜ የሚለወጠው አንድ ዕቃ ሳይሆን ፖምፓው፣ ኢንጀክተሮቹና ቱቦዎቹ በአንድነት ናቸው። ለአሮጌ ሚኒባስ ይህ ወጪ ከተሽከርካሪው ዋጋ ጉልህ ድርሻ ስለሚወስድ ባለንብረቱ መጠገንና መጣል መካከል እንዲመርጥ ያስገድደዋል።

በእነዚሁ የዲፎርዲ ሞተሮች ላይ በዓለም ዙሪያ የታወቀ ሌላ ድካም አለ። በእያንዳንዱ ኢንጀክተር ሥር የምትቀመጠው ትንሽ የመዳብ ማኅተም ስትደክም የቃጠሎው ጋዝ ወደ ሞተሩ የላይኛው ክፍል ሾልኮ ይገባል፤ ዘይቱን ያጠቁረዋል፣ ከዘይቱ ጋርም ጥቀርሻ ይጋግራል። ጥቀርሻው ወርዶ በዘይት መምጠጫው ወንፊት ላይ ይለጠፋል። ከዚያ በኋላ የዘይት መብራቱ በርቶ ሾፌሩ እስኪያየው ድረስ ብሮንዚኖቹ ሊቀልጡ፣ ኮሎው ሊያዝ ይችላል። ማኅተሞቹ ርካሽ ናቸው። ሞተር ማውረድ ግን ርካሽ አይደለም። ያገለገለ ዲፎርዲ የሚገዛ ሰው ማኅተሞቹ መቼ እንደተለወጡ መጠየቅ አለበት፤ መልስ ካላገኘ አልተለወጡም ብሎ ዋጋውን ቢደራደር ይሻለዋል።

የአየር ጉዳይም እንዲሁ ቸል የሚባል አይደለም። በሰቆጣ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ጠለል ካለው አየር ከአምስት አራት እጅ ያህል ብቻ ክብደት ያለው ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚያገኘው አየር በዚያው መጠን ሲያንስ፣ ፖምፓው የሚልከው ናፍጣ ግን ለቆላ እንደተስተካከለ ከቀረ ትርፉ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። በዚህ ላይ የአየር ፊልትሮው በአቧራ ከታፈነ ችግሩ እጥፍ ይሆናል። ጉልበት ያጣ የመሰለው ሾፌር ፖምፓውን «እንዲከፈት» ያስደርጋል፤ ጭሱ ይብሳል፣ የቃጠሎው ሙቀት ይጨምራል፣ መጋል ወደ ተባለው የመጀመሪያ ችግር ይመለሳል። አብዛኛው ብልሽት የሚወለደው ከሌላ ብልሽት ነው፤ ይህም በየጋራዡ የሚነገር፣ በበጀት ግን የማይታሰብ እውነት ነው።

የዚህን ቀላል ምሳሌ በስሌት ማሳየት ይቻላል። በ100 ኪሎ ሜትር 11 ሊትር የሚወስድ ሚኒባስ በቀን 250 ኪሎ ሜትር፣ በወር 25 ቀን ይሠራል እንበል፤ የወር ፍጆታው 687 ሊትር ገደማ ይሆናል። በታፈነ ፊልትሮና በተበላሹ ኢንጀክተሮች ምክንያት ፍጆታው በ15 በመቶ ቢጨምር በወር ከ100 ሊትር በላይ ያለ ምንም ጥቅም በጭስ ማውጫው ይወጣል። በሐምሌ 2014 የነዳጅ ድጎማ ማሻሻያው ሲጀመር ከ50 ብር በታች የነበረው የአንድ ሊትር ናፍጣ የማደያ ዋጋ በ2017 ዓ.ም. ከ100 ብር አልፏል። ጥገናን ለማስቀረት ተብሎ የሚዘገየው ገንዘብ በሌላ በር እየወጣ ስለመሆኑ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አያስፈልግም፤ በጀሪካን ዋጋ ለሚገዛ ሰው ደግሞ ሒሳቡ ከዚህም ይከፋል።

ፍሬንን በተመለከተ ጉዳዩ የወጪ ብቻ ሳይሆን የሕይወት ነው። ከነተሳፋሪውና ከነጭነቱ 2,800 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሚኒባስ አንድ ሺህ ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 80 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ጥቂቱን የአየርና የጎማ ሰበቃ ይወስደዋል፤ የቀረውን የሚሸከመው ወይ ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ፣ ወይ የፍሬን ሸራው ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ በሚል በዜሮ ማርሽ የሚወርድ ሾፌር ያንን ሁሉ ሙቀት በፍሬኑ ላይ ይጭናል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት የሚመጥ ፈሳሽ ነው፦ በስፋት የሚሠራበት «ዶት 3» አዲስ ሲሆን የመፍያ ነጥቡ ከ205 ዲግሪ አያንስም፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ በቱቦው ውስጥ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ይጨመቃል፤ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል። በሜዳ ሲፈተሽ ፍጹም ጤነኛ የነበረ ፍሬን በቁልቁለቱ መካከል እንዲህ ይጠፋል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ተመልሶ ሊሠራ ስለሚችልም ከአደጋ በኋላ የሚደረግ ምርመራ ምክንያቱን ላያገኘው ይችላል። የፍሬን ዘይትን በየሁለት ዓመቱ መለወጥ ከጥገናዎች ሁሉ ርካሹ ነው። ከሁሉም በላይ የሚረሳውም እርሱ ነው።

ስለ ታችኛው ክፍል ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ በጠጠር መንገድ ላይ ባሌስትራ እንደሚሰበር፣ አሞርተዛቶር እንደሚፈስ፣ ኩሽኔታና የመሪ ጫፎች እንደሚላሉ ማንም ያውቀዋል። ሊታወስ የሚገባው አንድ ነገር ቢኖር ከጣሪያ በላይ የሚጫነው እህልና ዕቃ የክብደቱን ማእከል ከፍ በማድረግ በመታጠፊያ ላይ የመገልበጥን አደጋ የሚያበዛ መሆኑ ነው። የጎማ ጉዳይም አብሮ ይነሣል፤ ጥርሱ ያለቀ ጎማ በቆላ ሙቀት ከመጠን በላይ ሲጫን ይፈነዳል፤ የጎሚስታ ጥገናም ውስጡ የተበጠሰውን ሽቦ አይመልሰውም።

ሌላው ድንገተኛ ወጪ የሞተሩ የጊዜ ቀበቶ ነው። ከላይ በተጠቀሱት የናፍጣ ሞተሮች ላይ ቀበቶው እንደ ሞተሩ ዓይነት በየ100,000 እስከ 150,000 ኪሎ ሜትር እንዲለወጥ ይመከራል። ከተበጠሰ ፒስተኑ ከቫልቮላዎቹ ጋር ይጋጫል። ችግሩ ያገለገለ ተሽከርካሪ የሚገዛ ሰው የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ለማመን የሚያስችል ዋስትና የሌለው መሆኑ ነው፤ ቆጣሪ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ የጥገና መዝገብ የሚባል ነገርም ከተሽከርካሪው ጋር አይተላለፍም። ለዚህ ያለው አስተማማኝ መንገድ ሚኒባሱ በተገዛ በመጀመሪያው ሳምንት ቀበቶውን ከነማወጠሪያው መለወጥና ቀኑን ጽፎ መያዝ ነው።

እስከዚህ የተባለው የብረቱ ታሪክ ነው። የገንዘቡ ታሪክ ግን ከብረቱ ይበልጥ የተወሳሰበ ነው።

የመለዋወጫ ዕቃ ዋጋ በውጭ ምንዛሪ የሚወሰን ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከዚያ ቀደምም ቢሆን ብዙ አስመጪዎች ምንዛሪን ከባንክ ውጭ በከፍተኛ ዋጋ ያገኙ ስለነበር የዕቃው ዋጋ በዚያው ልክ ዘሏል ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ አዲስ ፖምፓ ወይም አዲስ ኢንጀክተር መግዛት ለአንድ ሚኒባስ ባለንብረት ከአቅም በላይ እየሆነ በመምጣቱ ፍላጎቱ በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራና መሰል ገበያዎች ወደሚሸጡ የተፈቱ አሮጌ ዕቃዎች ዞሯል። ያገለገለ የብረት ክፍል መግዛት በራሱ ነውር የለውም፤ በሩ፣ ዲፈረንሻሉ፣ ካምቢዮው በዚህ መንገድ ቢገኝ ጥሩ ነው። ያገለገለ የፍሬን ክፍል፣ ያገለገለ የጊዜ ቀበቶ ወይም ዋናውን መስሎ የተሠራ ርካሽ ፊልትሮ ግን ገንዘብ የሚቆጥብ አይደለም። ርካሹ ፊልትሮ ውሃውንና ብናኙን ሲያሳልፍ የሚያወድመው ፖምፓ ከመቶ ፊልትሮ በላይ ዋጋ ያለው ነው።

ከዕቃው ዋጋ የማይተናነሰው ደግሞ የመቆም ዋጋ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጠዋት የተበላሸ ሚኒባስ ዕቃው በዚያው ቀን ተገዝቶ ማታ ሥራ ሊጀምር ይችላል። በሰሃላ የተበላሸ ሚኒባስ ግን አስቀድሞ ተጎትቶ ወይም በመካኒክ ጉዞ ተደርሶበት፣ ዕቃው በስልክ ታዝዞ፣ ከወልድያ፣ ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተልኮ፣ የተላከው ዕቃ ልኩ ሳይሆን ሲቀር ተመልሶ ሌላ እስኪመጣ ይቆማል። በእነዚህ ቀናት ገቢ የለም፤ የባንክ ወይም የማኅበር ብድር ግን ይቆጥራል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ጥቅምት 23 ቀን 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት የዘለቀው የሰሜኑ ጦርነት የአካባቢውን የንግድ መስመሮች ቆራርጦ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን የመንገድ ደኅንነት በተጓደለ ቁጥር የዕቃ መድረሻ ቀን ይረዝማል።

እዚህ ላይ የባለንብረቱና የሾፌሩ ግንኙነት መነሣት ይኖርበታል። በብዙ ቦታ እንደሚታየው ሾፌሩ ለባለንብረቱ በየቀኑ የተወሰነ ገቢ ያስገባል፤ ከዚያ የተረፈው የእርሱና የረዳቱ ነው። ይህ አሠራር ለሾፌሩ አንድ ግልጽ መልእክት ያስተላልፋል፦ ተሽከርካሪው በቆመበት ቀን የምትከስረው አንተ ነህ። ስለዚህ ፍሬኑ መሳሳቱን፣ ሙቀቱ መጨመሩን፣ ዘይቱ መጥቆሩን ቀድሞ የሚያውቀው ሰው ለመናገር የመጨረሻው ይሆናል። ባለንብረቱ ደግሞ በሌላ ከተማ የሚኖር ከሆነ ስለ ብልሽቱ የሚሰማው ተሽከርካሪው መንገድ ላይ ከቀረ በኋላ ነው። ጥገና የሚዘገየው ሾፌር ሰነፍ ስለሆነ ነው የሚለው የተለመደ ወቀሳ ፍትሐዊ አይመስልም፤ የውሉ አሠራር ማንንም ሰው ወደዚያው ውሳኔ ይገፋል። ከገቢው ላይ በየሳምንቱ ለጥገና የሚቀመጥ፣ ሾፌሩም ባለንብረቱም ያለ ሁለቱ ስምምነት የማይነኩት ገንዘብ የሚይዙ የትራንስፖርት ማኅበራት ይህን ግፊት በከፊል ማስቀረት ይችላሉ። የጥገናው ቀን ገቢ ግማሹ ለሾፌሩ ቢታሰብለት ደግሞ ብልሽትን ቀድሞ ማሳወቅ ኪሳራ መሆኑ ይቀራል።

ታሪፉ በመንግሥት የሚወሰን በመሆኑ ባለንብረቱ የጨመረበትን የመለዋወጫ ወጪ በቀጥታ ወደ ተሳፋሪው ማስተላለፍ አይፈቀድለትም። በተግባር ግን ወጪው በሌላ መልክ ይተላለፋል፦ በትርፍ ሰው፣ በጣሪያ ላይ ጭነት፣ ሙሉ እስኪሆን በመጠበቅ። ለአንድ ነጋዴ ሁለት ሰዓት መጠበቅ መሰላቸት ሊሆን ይችላል። ከቆላው ወረዳ ተልኮ ወደ ሰቆጣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ለሚሄድ፣ አምቡላንስ ላላገኘ ታማሚ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ድርቅ ጎድቷቸው ከብቶቻቸውን ለሸጡ የተከዜ ዳር አርሶ አደሮችም ሚኒባሱ በገበያ ቀን መቅረቱ ፍየልን በመንደር ዋጋ መሸጥ ማለት ነው።

ወደ ፖሊሲው ስንመለስ፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ተሽከርካሪ ባረጀ ቁጥር የሚጣልበት ታክስ እንዲጨምር በማድረግ አሮጌ ተሽከርካሪዎች ወደ አገር እንዳይገቡ የሚገታ ነበር። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ የሚለው ውሳኔ ይፋ ሆነ። አቅጣጫው ከሌሎች አገሮች ልምድ ጋር የሚጣጣም ነው፤ ኬንያ ከስምንት ዓመት በላይ የሆነው ተሽከርካሪ እንዳይገባ ከልክላለች፤ ኡጋንዳ ጣሪያውን አሥራ አምስት ዓመት አድርጋለች። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሪፖርት በአራት ዓመት ውስጥ ወደ ሌሎች አገሮች ከተሸጡት 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል ተሽከርካሪዎች 40 በመቶ ያህሉ ወደ አፍሪካ መግባታቸውን ገልጿል። በሩን መዝጋት ተገቢ ነበር። ሆኖም በሩ ሲዘጋ በውስጥ ያሉት አሮጌዎች ይበልጥ ተፈላጊ እንደሚሆኑ፣ ዋጋቸው እንደሚወደድና የአገልግሎት ዘመናቸው እንደሚረዝም ማንም ነጋዴ ያውቃል። ተተኪው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሚኒባስ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ መታየት ጀምሯል፤ የኃይል መሙያ ጣቢያና ባትሪ የሚጠግን ባለሙያ ተከዜ ዳር እስኪደርሱ ድረስ ግን የሰሃላ ተሳፋሪ በናፍጣ መጓዙን ይቀጥላል። የሽግግሩ ዓመታት ጥያቄ እንግዲህ የነባሮቹ ተሽከርካሪዎች ጤና ነው።

በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት እያንዳንዱ ተሽከርካሪ በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ አልፎ ቦሎ ይለጥፋል። ምርመራው አስፈላጊ ነው፤ ግን የአንድ ቀን ፎቶግራፍ ነው። መሪውን፣ መብራቱን፣ ፍሬኑን በቆመበት ወይም በሜዳ ያያል። ከላይ እንደተመለከትነው ደግሞ በዚህ አካባቢ ሰው የሚገድለው ብልሽት በሜዳ የማይታየው ነው። የፍሬን ዘይትን የውሃ መጠን የሚለካ መሣሪያ ከእስክሪብቶ የማይበልጥ ነው፤ የራዲያተር ክዳንን ግፊት የሚፈትሸው የእጅ ፓምፕም በማንኛውም ደኅና ጋራዥ ያለ ዕቃ ነው። እነዚህ ሁለቱ ተራራማ መስመር ላይ ለሚሠሩ የሕዝብ ማመላለሻዎች የምርመራው አካል ቢሆኑ በአንድ ተሽከርካሪ ላይ የሚጨምሩት ጊዜ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም።

ለገዢዎች አንድ ተግባራዊ ምክር ማከል ይገባል፤ ተደራጅተው፣ ቁጠባቸውን አዋጥተውና ተበድረው ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር ሚኒባስ ገዝተው ወደ ሰቆጣ የሚያመጡ ወጣቶች እየታዩ ነውና። ሻጩ ተሽከርካሪውን አሙቆ ካቀረበው ግዢውን ለማግስቱ ጠዋት ማዛወር ይገባል። ያደረ ሞተር ሲነሣ ነጭ ጭስ ማብዛቱ የካንዴላ ወይም የኢንጀክተር ድካምን፣ ሰማያዊ ጭስ የፋሻ መበላትን፣ የማያቋርጥ ጥቁር ጭስ የፖምፓ ወይም የአየር ችግርን ያመለክታል። ሞተሩ ሳይሞቅ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ውሃው ላይ የዘይት ጠፈፍ መኖሩን፣ ሞተሩ እየሠራም አረፋ መውጣቱን ማየት የጓርኒሲዮኑን ሁኔታ ያሳያል። የዘይት መሙያውን ክዳን ሲከፍቱ እንደ ማርሚታ የሚተነፍስ ሞተር ዋጋው ምንም ቢረክስ ውድ ነው። ከዚያ በኋላ ተሽከርካሪውን ከእንጦጦ አናት ወይም ከሌላ ረጅም ዳገት ሙሉ ሰው ጭኖ ማውጣትና የሙቀት መለኪያውን ማየት ያስፈልጋል፤ ከግማሽ ካለፈ ያ ሚኒባስ ዝቋላን አልፎ አይመለስም። ከግዢው ገንዘብም ቢያንስ ከአምስት አንድ እጁ ሳይነካ ለመጀመሪያው ዓመት ቀበቶ፣ ፍሬን፣ ፊልትሮና ራዲያተር ቢቀመጥ መልካም ነው፤ ይህን ማስቀረት የማይችል ቡድን ያነሰ ዋጋ ያለውን፣ ሜካኒካል ፖምፓ ያለውን ሞዴል ቢመርጥ ይሻለዋል።